ስለ እምነትና ሥራ በድምፅ የተዘጋጀ ትምህርት፦ የአንድ አድማጭ ግምገማ

ሰው የሚድነው በእምነት ብቻ ነው ወይስ ሥራም ይጠየቃል በሚለው የቆየ ክርክር ላይ በድምፅ የተዘጋጀውን አሥር ክፍል ያለውን ትምህርት፣ ለብቻው ከሚሸጠው የመልመጃ ደብተር ጋር ገዝቼ እስከ መጨረሻው ተከታትዬዋለሁ። ሦስተኛውን ክፍል ደጋግሜ አዳምጬዋለሁ፤ ከስምንተኛው በኋላ ያለውን ግን የጨረስሁት በትዕግሥት ነው።

ሦስተኛው ክፍል የሚያተኩረው በአብርሃም ላይ ነው። ጳውሎስም በሮሜ 4፣ ያዕቆብም በመልእክቱ ምዕራፍ 2 የሚጠቅሱት ያንኑ ዘፍጥረት 15፥6ን ነው፤ ሆኖም ጳውሎስ አብርሃም ገና ሳይገረዝ ጽድቅ እንደ ተቆጠረለት ሲያጎላ፣ ያዕቆብ ወደ ዘፍጥረት ምዕራፍ 22 ተሻግሮ ይስሐቅ በመሠዊያው ላይ በቀረበ ጊዜ ያ እምነት በሥራ መፈጸሙን ያሳያል። መምህሩ ሁለቱን ጎን ለጎን እያነበበ፣ ጳውሎስ «የሕግ ሥራ» የሚለውና ያዕቆብ የተራበውንና የታረዘውን ስለ መርዳት የሚናገረው አንድ ነገር እንዳልሆነ ሳይቸኩል ያስረዳል። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪ የነበረው ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1522 ባሳተመው የጀርመንኛ አዲስ ኪዳን በሮሜ 3፥28 ላይ «ብቻ» የሚለውን ቃል መጨመሩን፣ «በእምነት ብቻ» የሚለው ሐረግ ግን በያዕቆብ 2፥24 ላይ ብቻ፣ ያውም «ሳይሆን» ተከትሎት፣ እንደሚገኝ የሚያነሣው ለማንም ሳያዳላ ነው።

ድክመቱ የሚጀምረው ወደ ታሪኩ ሲገባ ነው። ለተሐድሶው ምላሽ የሰጠው የካቶሊኮች የትሬንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1547 ስለ ጽድቅ ካወጣቸው ቀኖናዎች የመጀመሪያው፣ ሰው ያለ እግዚአብሔር ጸጋ በገዛ ሥራው ሊጸድቅ ይችላል የሚለውን ያወግዛል፤ ትምህርቱ ይህን ዘልሎ ካቶሊኮችን «በሥራችን እንድናለን» ባዮች አድርጎ ማቅረቡ ከባድ ግድፈት ነው። የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1999 በአውግስቡርግ ስለ ጽድቅ የፈረሙት የጋራ መግለጫም በሁለት ዓረፍተ ነገር ታልፏል።

ደብተሩ ደግሞ ከድምፁ ይብሳል፤ «መልካም ሥራ የመዳን ምክንያት ነው ወይስ ፍሬ?» ብሎ ጠይቆ ሁለት ሣጥን ብቻ ይሰጣል። ድኅነትን በጸጋ እየታገዙ ክርስቶስን ወደ መምሰል የሚያድጉበት የዕድሜ ልክ ጉዞ አድርገው የሚያዩት ኦርቶዶክሳውያን በየትኛው ላይ ምልክት ያድርጉ? በአማርኛ «ጸደቀ» የምንለው ለሰውም፣ ሥር ለሰደደ ችግኝም መሆኑን ያስተዋለ አድማጭ የጥያቄውን ጥበት ወዲያው ይረዳል።

ቀረጻው ጥርት ያለ ነው። ጳውሎስንና ያዕቆብን በቅጡ ማንበብ ለሚፈልግ የመጀመሪያዎቹን አምስት ክፍሎች ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ደብተሩን ግን አይግዙት።