ያልታዘዘ ማሳመር
ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ካሉት ማተሚያ ቤቶች በአንዱ ለታሪክ መማሪያ ክፍላችን ባነር አሠርቼ ነበር። ቀለሙ የጠራ፣ የጠርዙ ስፌት ጠንካራ ነው፤ ዋጋውም በካሬ ሜትር ከተነጋገርነው ሳንቲም አላለፈም። ችግራቸው ሳይታዘዙ ማሳመራቸው ነው።

ባነሩ ስለ ኮሪያዊው አን ጁንግ ገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1909፣ አራት ጊዜ የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረውን፣ በኋላም የኮሪያ የበላይ አስተዳዳሪ የሆነውን ኢቶ ሂሮቡሚን በቻይናዋ ሐርቢን ከተማ ባቡር ጣቢያ ተኩሶ ገደለው። የአብርሃ ደቦጭንና የሞገስ አስገዶምን ታሪክ ለሚያውቁ ተማሪዎቼ ይህን ማስረዳት አያደክምም። እኔ የፈለግሁት ሌላውን ነው፦ በ1910 እስኪገደል ድረስ እዚያው ቻይና ባለችው የሉሹን ከተማ እስር ቤት ሲጽፈው የነበረውንና ሳይጨርሰው የቀረውን የምሥራቅ እስያ የሰላም ሐሳብ። ኮሪያ፣ ቻይናና ጃፓን በሉሹን የጋራ ጉባኤ እንዲያቋቁሙ፣ የጋራ ባንክና ገንዘብ እንዲኖራቸው ለጃፓኖቹ ፍርድ ቤት ኃላፊ አስረድቷል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሊመሠረት ገና 53 ዓመት ሲቀረው መሆኑ ነው!

ባነሩን ስረከብ ያላዘዝኩት ሽጉጥ መሃሉን ይዞታል፤ የሰላሙ ጽሑፍ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ እንዳለ ማስጠንቀቂያ ደቅቆ ታች ተለጥፏል። ይባስ ብሎ የሰውየው የግራ እጅ መዳፍ አምስት ሙሉ ጣት አብቅሏል። አን በ1909 መጀመሪያ ከ11 ጓዶቹ ጋር ለነጻነት ሲምል የቀለበት ጣቱን ጫፍ ቆርጧል፤ መዳፉ የሚታወቀው ከትንሿ ጣት እኩል በሆነችው በዚያች አጭር ጣት ነው። ዲዛይን የሚሠራው ልጅ ግን "መምህር፣ ጣቱ ላይ ጉድለት ስለነበረ አስተካክዬልዎታለሁ" አለኝ፣ ምስጋና እየጠበቀ።

ታሪኩን ስነግረው ደነገጠ። ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደገና አተሙልኝ፤ ይህን ስንት ቤት ያደርገዋል? ሽጉጡን ለማስወጣት ግን ብዙ ተከራከርን፤ "ያለ ሽጉጥ ማን ቆሞ ያነበዋል?" ባይ ነው። ክርክሩ የሚናቅ አልነበረም፣ ተማሪዎቼም አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ጥይቱ ነው። ቢሆንም አስወጣሁት።

የምታሠሩ ሁሉ ሥራው ማሽን ከመግባቱ በፊት ናሙናውን አይታችሁ ፈቃድ ስጡ። ለሠርግ ጥሪ ከሆነ ግን ዓይኔን ጨፍኜ እልካችኋለሁ፤ እዚያ የሙሽራውን አፍንጫ ቢያቃኑለት ማንም አይከፋም።