የአየር መለኪያችን ከ9 ወር በኋላ፦ ከሜዳችን ርቀን ስንወዳደር

መኪናችን መስታወት ላይ በነጭ ቀለም የምንጽፈው ቁጥር አለ። የድራግ ውድድር ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በእኛ ምድብ እያንዳንዱ ቡድን 402 ሜትሩን በስንት ሰከንድ እንደሚጨርስ አስቀድሞ ገምቶ መስታወቱ ላይ ይጽፋል። ቀርፋፋው መኪና በግምቶቹ ልዩነት ልክ ቀድሞ አረንጓዴ ይበራለታል። ከጻፍከው ቁጥር ፈጥነህ ከገባህ፣ ተጋጣሚህ ከአንተ የባሰ ካላጠፋ በቀር፣ ተሸነፍክ። ከዘገየህም እሱ ቀድሞህ ይገባል። ያቺን ቁጥር እስከ ሰከንድ መቶኛ ድረስ በትክክል መጻፍ ነው እንግዲህ ሥራችን።

በለመድነው ሜዳ ላይ ይህ ብዙ አያስቸግረንም ነበር። ጠዋት ምን እንደምትሮጥ፣ ሲመሽ ምን እንደምትጨምር በቃላችን እናውቀዋለን። ርቀን መሄድ ስንጀምር ግን ያ ሁሉ እውቀት ቤት ቀረ። ሦስት ሰዎች ነን፤ ነጂዋ እህቴ ናት፣ ጎማና ካምቢዮውን አንድ ጓደኛችን ይይዛል፣ ካርቡሬተሩና ደብተሩ የእኔ ነው። በማናውቀው ሜዳ ላይ የሚሰጠን የልምምድ ሩጫ ሁለት ነው፣ ሲበዛ ሦስት። መለኪያውን የገዛነው ለዚህ ነው። እስካሁን በ7 ውድድር፣ በ64 ሩጫ ተጠቅመንበታል፤ ከሰባቱ አምስቱ የአንድ ቀን መንገድ ወይም ከዚያ በላይ የሚርቁ ነበሩ። የአምራቹን ስም የማልጠራው ሆን ብዬ ነው። የምናገረው ስለ አንዲት የእኛ ዕቃ ነው፤ ከምጽፈው አብዛኛው ደግሞ በዚህ ዓይነት መለኪያ ሁሉ ላይ ይሠራል።

ዕቃው በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የሚቀመጥ ሳጥን ነው። ሙቀት፣ እርጥበት፣ የአየር ግፊትና ነፋስ ይለካል፤ ውስጡ ያለችው ትንሽ ፋን አየሩን እየሳበች በሴንሰሮቹ ላይ ታሳልፈዋለች። ከዚያ ሁሉንም አጣምሮ አንድ ቁጥር ያወጣል፤ ዴንሲቲ አልቲቲዩድ ይሉታል፣ የእፍግታ ከፍታ ማለት ነው። ሜዳው የትም ይሁን የት፣ ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር በስንት ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ቀጭን ነው የሚለውን ይነግርሃል። መነሻው የባሕር ወለል፣ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድና 1,013.25 ሄክቶፓስካል ግፊት ነው። ከዚያ በላይ አንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእፍግታ ከፍታው 36 ሜትር ያህል ይወጣል። እርጥበትም ያሳሳዋል፤ የውሃ ተን ከደረቅ አየር ይቀላል፣ የኦክስጅኑንም ቦታ ይይዛል።

ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይደለም። ዋጋ ያገኘው ደብተሩ ውስጥ ከሰዓታችን ጎን ሲሰለፍ ነው። ሃያ ያህል ሩጫ ከመዘገብን በኋላ የራሳችን መኪና ጠባይ ታየን፤ የእፍግታ ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከ0.09 እስከ 0.11 ሰከንድ ትዘገያለች። የሌላ ሰው መኪና ሌላ ቁጥር ይኖረዋል። ይህችን ከያዝን በኋላ የማናውቀው ሜዳ ያን ያህል አያስፈራንም። በአንድ ውድድር ከቀትር በኋላ በ34 ዲግሪ 10.61 ጽፈን ጀመርን። ሲመሽ ሙቀቱ 20 ደረሰ፣ የእፍግታ ከፍታውም ወደ 500 ሜትር ገደማ ወረደ። ደብተሩ 10.45 አለን፤ እህቴ በየዙሩ ቁጥሩን እያጠፋች ዝቅ እያደረገች ጻፈች፣ የመጨረሻዋ ሩጫ 10.46 ሆነች። በዚያ ምሽት የቀኑን ቁጥር ሳይለውጡ ቀርተው ከግምታቸው ፈጥነው በመግባት የተሸነፉ ሁለት ቡድኖች አይቻለሁ። ከእኛ የተሻለ መኪና ነበራቸው።

በአራተኛው ጉዞ የደረሰብንን ካልተናገርኩ ግን ይህ ግምገማ ጎዶሎ ነው።

መለኪያው ሲከፈት “ከፍታ” የሚል ቦታ አለው። የት እንዳለ ማወቅ ፈልጎ ነው ብዬ የሜዳችንን ከፍታ፣ 400 ሜትር፣ ሞላሁ። ግፊቱ 1,013 አካባቢ ሲያሳይ ደስ አለኝ፤ የአየር ትንበያ ላይ የምናየው ቁጥር ነዋ። ያልገባኝ ነገር ቢኖር፣ ትንበያ ላይ የሚወጣው ግፊት ወደ ባሕር ወለል ተመልሶ የተሰላ መሆኑ ነው፤ ከፍታ ሲሞላለት መለኪያውም ያንኑ ስሌት ይሠራል። ሞተር ግን የሚተነፍሰው እዚያው የቆመበትን አየር ነው። 400 ሜትር ላይ ትክክለኛው ግፊት 966 ገደማ ነው። ስህተቱ በሁሉም ሩጫ ላይ እኩል ስለነበረ፣ የመጀመሪያዎቹ ሜዳዎችም ከእኛው ከፍታ ብዙ ስለማይርቁ፣ ደብተራችን እርስ በርሱ ይስማማ ነበር፤ ማንም አልጠረጠረም።

አራተኛው ሜዳ 900 ሜትር ላይ ነበር። እዚያ እንደደረስን እኔው ራሴ ከፍታውን ወደ 900 ቀየርኩት። መለኪያው 1,014 አለ፤ አየሩ እንደ ቤታችን ነው ብለን 10.52 ጠበቅን። መኪናዋ በ10.71 ገባች።

በድራግ 0.19 ሰከንድ ብዙ ነው። የሞተሩ ድምፅ ደህና ነው፤ በመጀመሪያው 60 ጫማ፣ ማለትም በ18.3 ሜትሩ ላይ፣ ሰዓቱ ከለመድነው እምብዛም አልራቀም፤ ኪሳራው የሰፋው ከዚያ ወዲያ ነው። ሞተሩ ታሟል አልን። ከቤታችን የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ርቀን፣ በያዝነው ጥቂት መፍቻ፣ ስምንቱንም ካንዴላ ፈታን። የቫልቮቹን ክፍተት ለካን፣ ታይሚንጉን፣ ማለትም ካንዴላው ብልጭታ የሚሰጥበትን ቅጽበት፣ አየን፣ የነዳጅ ፓምፑን ግፊት ፈተሽን። አራት ሰዓት ሙሉ ጎንበስ ብለን አንዳችም ጉድለት አላገኘንም። ካንዴላዎቹ ብቻ ጥቁር ጥቀርሻ ለብሰው ነበር፤ ነዳጁ ለአየሩ በዝቷል ማለት ነው። በባትሪ መብራት አንዱን እያዟዟርኩ ሳየው አጠገባችን ከሰፈረው ቡድን አንድ ሸምገል ያሉ ሰው መጡ።

“ልጆች፣ ግፊቱን ስንት አላችሁ?”

“1,014” አልኳቸው።

“እዚህ ከፍታ ላይ 1,014 ከየት ይመጣል?” ብለው የራሳቸውን መለኪያ አምጥተው አሳዩን። 911 ይላል።

የእኛን ከፍታ ወደ 0 መለስኩት። 912። እህቴ ምንም አልተናገረችም፤ ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ እየጠረገች ታቀብለኝ ጀመር። የካርቡሬተሩን ጄት፣ ነዳጅ የምታሳልፈዋን ቀዳዳዋ በቁጥር የተለካ የነሐስ ቡሎን፣ አንድ ቁጥር አሳንሰን አሰርን። በማግስቱ ጠዋት 10.67 ሮጠች። እስከ ሦስተኛው ዙር ሄደን ተሸነፍን። ከዚያ ወዲህ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ በእጄ አስተካክዬዋለሁ፣ እያንዳንዷን መስመር።

ከፍታ ለተወዳዳሪ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማየት እ.ኤ.አ. በ2023 የተዘጋውን፣ አሜሪካ ውስጥ ዴንቨር ከተማ አጠገብ የነበረውን የባንዲሜር ድራግ ሜዳ ማስታወስ ይበቃል። 5,800 ጫማ፣ ማለትም 1,770 ሜትር ገደማ ላይ ነበር፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በአምስት አንድ እጅ ገደማ ያንሳል። የአሜሪካው የድራግ ውድድር ማኅበር ኤንኤችአርኤ በአንዳንድ ምድቦች ሰዓቱን ለከፍታ የሚያስተካክልበት ስሌት ያለው በከንቱ አይደለም። የእኛ 500 ሜትር ልዩነት ከዚያ ጋር ሲተያይ ትንሽ ናት፤ ግን አንድ ሙሉ ምሽት ወሰደችብን።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አምራቹ ላይም ቅሬታ አለኝ። ስክሪኑ “ግፊት” ብቻ ይላል እንጂ የቱን ግፊት እንደሚያሳይ አይናገርም። መመሪያውም ላይ ነገሩ የተጻፈው በአንድ መስመር ነው፣ ያውም መጨረሻው ገጽ ላይ። ለውድድር ተብሎ የተሠራ ዕቃ ከፋብሪካ ሲወጣ የቆመበትን ግፊት ብቻ እንዲያሳይ ተደርጎ መውጣት ነበረበት።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር የምታቆምበት ቦታ ነው። መጀመሪያ ተሳቢያችን ጣሪያ ላይ እናስቀምጠው ነበር፣ ለነፋስ ይመቻል ብለን። በአንድ ፀሐያማ ቀን 41 ዲግሪ ሲል፣ ጥላ ውስጥ የሰቀልነው ተራ ቴርሞሜትር 33 አለ። የ8 ዲግሪ ስህተት በእኛ መኪና ላይ 0.09 ሰከንድ ያህል ነው፤ ተጋጣሚ በሺህኛ በሚለይበት ጨዋታ ይህ እንደ ዓመት ነው። አሁን ከአስፋልቱ ራቅ አድርገን፣ ሣር ካለ ሣር ላይ፣ በደረት ከፍታ፣ ዙሪያው ክፍት በሆነ ጥላ ሥር እናቆመዋለን። ከጀነሬተሩ ጭስና ገና ከሩጫ ከተመለሰ መኪና ራዲያተርም እናርቀዋለን። ከሩጫው ግማሽ ሰዓት በፊት ቦታውን ይይዛል፣ ከዚያ ማንም አይነካውም።

የእርጥበት ሴንሰሩን በጨው እንፈትሸዋለን። የገበታ ጨው በጥቂት ውሃ ረጥቦ፣ ሳይሟሟ ጭቃ መስሎ፣ በታሸገ ዕቃ ውስጥ ሲቀመጥ በላዩ ያለው አየር በክፍል ሙቀት 75 በመቶ እርጥበት ላይ ይረጋል። መለኪያውን ከነጨው ሰሃኑ ትልቅ ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ ሌሊቱን አሳደርነው፤ ጨው እንዳይነካው ብቻ መጠንቀቅ ነው። አዲስ ሳለ 74 አለ። በስምንተኛው ወር 70። አምስት በመቶ ስህተት በ30 ዲግሪ ሙቀት ጥቂት የሰከንድ ሺህኛ ያህል ብቻ ናት፤ እኔ እንደማልተዋት ግን የሚያውቅ ያውቃል። በሜኑው ውስጥ ማስተካከያ ስላለው አስተካከልኩት። ይህ ጥሩ ጎኑ ነው።

ፋኗ በስድስተኛው ወር መጮህ ጀመረች፣ እንደ ንብ። ከስሊክ ጎማዎቹ፣ ጥርስ ከሌላቸው የውድድር ጎማዎች፣ ከሩጫ በፊት ለማሞቅ ስናሽከረክራቸው የሚነሳው የበርንአውት ጭስና ብናኝ ማጣሪያዋን ደፍኖታል። በለስላሳ ብሩሽ ጠረግኳት፣ ለሁለት ሳምንት ዝም አለች፣ ከዚያ ቆመች። ፋኗ ስትቆም መለኪያው ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፤ ሙቀቱ ብቻ ቀስ እያለ ይወጣል። እኛ ያወቅነው ጆሮዬን ስጠጋ ነው። ሻጩ ዋስትናውን አክብሮ ፋኗን ቀየረልን፣ ግን ሦስት ሳምንት ፈጀበት፤ በመሃል አንድ ውድድር በተራ ቴርሞሜትርና በስልክ ላይ በሚገኝ የግፊት ሴንሰር አለፍን። የስልኩ ግፊት ከመለኪያችን ጋር በ1 ሄክቶፓስካል ውስጥ ነበር የሚስማማው፤ ገንዘብ የሚያጥረው ቡድን በዚያና በጥላ ውስጥ ቴርሞሜትር መጀመር ይችላል።

የነፋሱ ክፍል ብዙም አልረዳንም፤ ፒት ውስጥ፣ ቡድኖቹ በሚሰፍሩበት ቦታ፣ ተሳቢ በተሳቢ ስለሆነ የሚለካው ሜዳው ላይ ያለውን ነፋስ አይደለም። ባትሪው ሙሉ ቀን ይይዛል። ስክሪኑ በቀትር ፀሐይ አይነበብም። ቁጥሩን መነሻው ላይ ለቆመ ሰው የምትልከዋ ትንሽ መቀበያ እስከ 300 ሜትር ድረስ ሠርታልናለች፤ እህቴ ቀበቶዋን ከማሰሯ በፊት የመጨረሻውን ቁጥር የምታየው በእሷ ነው።

መለኪያው ስለ መሬቱ አንዳች አይናገርም። ሞተሩ ምን ያህል እንደሚጎትት ይነግርሃል፤ ጎማው ይይዛል ወይ ለሚለው መልስ የለውም። በሰባተኛው ጉዞ አየሩ ግሩም ነበር፣ ደብተሩ 10.44 አለ፣ የሮጥነው 10.56 ሆነ። የሰዓት ወረቀቱ ላይ 60 ጫማው ከወትሮው በ0.06 ዘግይቷል፤ እዚያ የሚጠፋ ጊዜ መጨረሻው ላይ እጥፍ ሆኖ ይመጣል። ሜዳው ቀዝቅዞ ጎማው ተንሸራቶ ነበር። የአስፋልቱን ሙቀት የሚለካ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ከዚያ በኋላ ገዛን፣ ደብተሩም አንድ ዓምድ ተጨመረለት።

ሁልጊዜ በአንድ ሜዳ ለሚሮጥ ሰው ይህን ዕቃ ግዛ አልለውም፤ ደብተርና ቴርሞሜትር ይበቃዋል። ለሚጓዝ ቡድን ግን፣ ፋኗ ብትቆምም፣ ያ ምሽት ቢቆጨኝም፣ ዛሬ ቢጠፋብን ነገ ሌላ እገዛለሁ።

ለሚቀጥለው ጉዞ ሣጥኑ ታስሯል። መለዋወጫ ፋን፣ ብሩሹ፣ ከትልቁ እስከ ትንሹ የተደረደሩ ጄቶች ገብተዋል። “ከፍታ” የሚለውን መክፈቻ ቁልፍ፣ 0 መሆኑን አይታ፣ እህቴ በነጭ ፕላስተር ሸፍናዋለች።