«ሩጫህን ተው» ላላሉኝ ፊዚዮቴራፒስት፦ ምስጋናም ጥቆማም

የአኪለስ ጅማቴ (ባትን ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት) ሲያሠቃየኝ መክረሙን የምታውቁ ወዳጆቼ፣ ሰሞኑን ተመልሼ ስሮጥ አይታችሁ «ማን ጋ ታክመህ ነው?» እያላችሁ ነው። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው። የታከምኩት አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ጋ ነው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ ስለ ሥራቸው ብቻ ልንገራችሁ።

ይህ ሕመም የያዘው ሰው ያውቀዋል። ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ እግር ድርቅ ይላል፤ ጥቂት እስኪራመዱ ማነከስ ነው። ሩጫ ሲጀምሩ ይቆጠቁጣል፣ ሰውነት ሲሞቅ ይጠፋል፣ በማግስቱ ጠዋት ብሶ ይጠብቃል። ከተረከዝ ትንሽ ከፍ ብሎ ጅማቱን በሁለት ጣት ቆንጠጥ ሲያደርጉት ያስጮኻል። እሳቸው ጋ እስክደርስ የሰማሁት ምክር ሁሉ ዞሮ ዞሮ «እረፍ» ነበር። ሳርፍ ይሻለኛል፤ ጫማዬን አስሬ ስወጣ ያው ይመለሳል።

በመጀመሪያው ቀጠሮ እግሬን ሳይነኩ ብዙ ጠየቁኝ። ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት ባሉት ሳምንታት ምን ተለወጠ? ፍጥነት ጨመርክ? ዳገት ጀመርክ? ጫማ ቀየርክ? እንቅልፍህስ? ከዚያ ያልጠበቅኩት ጥያቄ መጣ፦ «በቅርቡ አንቲባዮቲክ ወስደሃል?» ለካ ሲፕሮፍሎክሳሲንና የእሱ ዘመድ የሆኑ መድኃኒቶች ጅማትን ሊጎዱ፣ አልፎ አልፎም ሊያስበጥሱ ይችላሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ይህን በጥብቅ ማስጠንቀቂያነት በመድኃኒቶቹ መግለጫ ላይ እንዲሰፍር ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። እኔ አልወሰድኩም ነበር፤ ግን ሌላ ማንም አልጠየቀኝም ነበርና ልቤ ያኔውኑ አመናቸው።

ከዚያ በሆዴ አስተኝተው፣ እግሮቼን ከአልጋው ጠርዝ አሳልፈው ባቴን ጨመቅ አደረጉ። የእግሬ መዳፍ ወደ ታች ሲንቀሳቀስ ካዩ በኋላ «አልተበጠሰም» አሉኝ። ቀጥሎ በአንድ እግር ቆሜ ተረከዜን ከፍ ዝቅ እንዳደርግ አዘዙኝ፤ መጀመሪያ በደህናው፣ ቀጥሎ በታመመው፣ እስኪደክመኝ ድረስ። ደህናው እግሬ ያለ ችግር ቀጠለ። የታመመው ብዙም ሳይቆይ መሃል ላይ ተንቀጥቅጦ ቀረ። ዓይኔ እያየ ስለሆነ ማብራሪያ አላስፈለገኝም፤ እሳቸው ግን አብራሩት። ሩጫ ጅማቱ ላይ ከሰውነት ክብደት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጫና ያሳርፋል። እረፍት ሕመሙን ያበርደዋል እንጂ ይህን ጫና የመሸከም አቅም አይሰጠውም፤ እንዲያውም ባረፈ ቁጥር እየደከመ ይሄዳል።

መድኃኒቱ ታዲያ ክብደት ሆነ። ነገሩ አዲስ አይደለም። ስዊድናዊው ሐኪም ሆካን አልፍሬድሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ ሯጮች ደረጃ ጠርዝ ላይ ቆመው ተረከዛቸውን በዝግታ ወደ ታች የሚያወርዱበትን ልምምድ በየቀኑ 2 ጊዜ ለ12 ሳምንት አሠርተዋል፤ ጉልበት ቀጥ ብሎም ታጥፎም፣ 15 ድግግሞሽ በ3 ዙር። የእኔ ባለሙያ ግን ሥራ የሚበዛብኝ መሆኑን አይተው በሳምንት 3 ቀን፣ ክብደት ተሸክሜ፣ በ3 ሰከንድ ወጥቼ በ3 ሰከንድ የምወርድበትን ሰጡኝ። ጉልበት ታጥፎ የሚሠራውን እንዳልዘል ደጋግመው አሳሰቡኝ፤ በባት ውስጥ ጠለቅ ብሎ ያለው ሶሊየስ የተባለው ጡንቻ በዚያ ነው የሚሠራው፣ ሯጭን ተሸክሞ የሚያደርሰውም እሱ ነው። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን ሕመምን እንዴት እንደማነብ ስላስተማሩኝ ነው። ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጠው አሉኝ። ስትሮጥም ሆነ ስትሠራ እስከ 5 ቢደርስ አትደንግጥ፤ በማግስቱ ጠዋት መብረድ አለበት፤ ከሳምንት ሳምንት ደግሞ ሕመሙም የጠዋቱ ድርቀትም መጨመር የለበትም። በዚህ ልክ ሩጫዬን ሳላቋርጥ ታከምኩ። አንድ ቀን «ስሮጥ 3 ነበር፣ ዛሬ ጠዋት ግን 6» ብዬ ጻፍኩላቸው። መልሳቸው አንድ መስመር ነበር፦ «ዳገቱን ተወው፣ ርቀቱን ያዝ።» ሌላ ሰው ቢሆን «ወር እረፍ» ይለኝ ነበር። እኔም ሳልጠይቅ ቁጥሩን እያየሁ ራሴ መወሰን ስጀምር፣ ቀጠሮውን እሳቸው ናቸው እያራራቁ የሄዱት። ደንበኛው እንዳይርቀው የሚፈልግ ባለሙያ ይህን አያደርግም።

ለሁሉም ሰው ይስማማሉ ግን አልልም። ተኝቶ መታሸት የሚፈልግ ቅር ይለዋል፤ እሳቸው እጃቸውን የሚያሳርፉት ለምርመራ ያህል ነው። የቤት ሥራህን ካልሠራህ በፊትህ ላይ ያውቁብሃል። እያንዳንዱን ሰው ረጅም ሰዓት ስለሚያዩም ወረፋው ትዕግሥት ይጠይቃል። የኮርቲዞን መርፌ ነገርን ሳነሳባቸው ውሳኔው የሐኪም መሆኑን ነግረው፣ ለጊዜው ቢያስታግስም ጅማቱን ለመበጠስ ሊያጋልጠው እንደሚችል አስረዱኝ፤ ተውኩት።

የእኔን ልምምድ ግን ገልብጣችሁ እንዳትሠሩ። ሕመሙ ከተረከዝ ከፍ ብሎ ሳይሆን ጅማቱ ተረከዝ አጥንት ላይ ከሚያርፍበት ከሆነ፣ ተረከዝን ከደረጃ በታች ማውረድ ጭራሽ ሊያብሰው ይችላል። ከኋላ የተመታችሁ መስሏችሁ ጧ የሚል ነገር ከተሰማችሁና በጣታችሁ መቆም ካቃታችሁ፣ ወይም ባታችሁ አብጦ፣ ሞቆ፣ ቀልቶ ካያችሁ (የደም መርጋት ሊሆን ይችላል) ፊዚዮቴራፒ ሳይሆን በቀጥታ ሆስፒታል ነው።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እንድሰጥ ፈቅደውልኛል። ስትሄዱ የምትሮጡበትን ጫማና ያለፉትን ሳምንታት የልምምድ ማስታወሻችሁን ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።