ድሮይትዊች ወይስ ናንትዊች?
እንግሊዝ ውስጥ የጥንቱን የጨው ሥራ ቅርስ ማየት ለሚሻ ሰው እነዚህ ሁለት ከተሞች ቀዳሚ ናቸው። ለእኔ ድሮይትዊች ትበልጣለች። ሮማውያን ሳሊኔ ይሏት ነበር፤ ከምድሯ የሚፈልቀው ውሃ ከባሕር ውሃ አሥር እጥፍ ገደማ ጨዋማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አፕዊች በተባለው ስፍራ ሲቆፈር፣ በእንጨት የተገነባ የመካከለኛው ዘመን ጉድጓድ ብቻ ሳይሆን ከሮማውያን በኋላ እንግሊዝ የሰፈሩት አንግሎ ሳክሶኖች ጨው ያፈሉባቸው ምድጃዎችም ተገኙ። የብዙ ትውልድ ልፋት በአንድ ቦታ ተደራርቦ መገኘቱ እጅግ ያስደንቃል! ናንትዊችም በእንጨት ቅርስ አትታማም። ውሃ ያዘለው አፈሯ እንጨትን ከመበስበስ ስለጠበቀ፣ ከግንድ ተፈልፍሎ የጨው ውሃ ይጠራቀምበት የነበረ ትልቅ ገንዳ ተገኝቶ በከተማዋ ሙዚየም ይታያል። የሠራተኛውን የዕለት ድካም ለመረዳት ከጉድጓዱ ይልቅ ገንዳው ይመረጣል።