የቀን ሠራተኛ ያላችሁ፣ የኢንሹራንስ ፎርም ባዶውን እንዳትፈርሙ

ከኢንሹራንሱ ቢሮ ከወጣሁ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። እጄ አሁንም እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ የብረት በርና መስኮት የምንሠራበት ቤት አለኝ። ሰባት ቋሚ ሠራተኞች አሉ። ሦስት ደግሞ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የምከፍላቸው። "የቀን" ይባሉ እንጂ ከኔ ጋር ወራት ቆይተዋል።

የኢንሹራንስ ወኪሉን የአይሱዙዋን ሦስተኛ ወገን ሲያድስልኝ ነው የማውቀው። ዓይነቱን እናንተም ታውቁታላችሁ። "እትዬ" እያለ ይገባል፣ የልጆቻችሁን ስም ይይዛል፣ በዓል ሲመጣ ይደውላል። አንድ ቀን ቱቦላሬ ስናወርድ ቆሞ አየንና "እትዬ፣ መኪናዋ ዋስትና አላት፤ ሰዎቹስ?" አለኝ። ያለው ነገር እውነት ነበር፤ አሁን የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ ሥራ ላይ ከተጎዳ፣ ጥፋቱ የኔ ሆነም አልሆነ ኃላፊነቱ የኔ ነው። ይህን ቁጭ ብሎ በደንብ ያስረዳኝ ራሱ ነው።

"ስንት ሰው አለዎት?" አለኝ። "አሥር" አልኩት። "ሦስቱ የቀን ናቸው" ብዬም ነገርኩት። "ችግር የለም፣ አብረው ይገባሉ፣ አይጨነቁ" አለኝ። ከዚያ ፎርሙን አወጣ። "እዚህ ጋ ብቻ ይፈርሙልኝ፣ ሌላውን ቢሮ ሄጄ እሞላዋለሁ።" ደንበኛ በር ላይ እየጠበቀኝ ነበር። በራሴ ጥቁር እስክሪብቶ ፈረምኩ። 14 ሺህ 200 ብር ከፈልኩ። ማታ ሠራተኞቹን ሰብስቤ "ከዛሬ ጀምሮ ኢንሹራንስ አላችሁ" አልኳቸው። አጨበጨቡልኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት የግራይንደሩ ዲስክ ተሰብሮ ከቀን ሠራተኞቹ አንዱን የግራ እጁን ሁለት ጣቶች ቆረጠው። ሃያ ዓመቱ ነው። ወዲያው ሆስፒታል አደረስነው። ለወኪሉ ያንኑ ዕለት ደወልኩ። "አይዞዎት፣ ደረሰኞቹን ብቻ ያስቀምጡ" አለኝ። ከዚያ በኋላ ስልኬን ማንሳት ተወ።

ዛሬ ደረሰኞቹን በፌስታል ይዤ ካሣ ክፍል ገባሁ። ልጅቷ ከስልኳ ቀና ሳትል "ፖሊሲ ቁጥር" አለችኝ። ፋይሉን አወጣች። የሠራተኞቹን ዝርዝር በእስክሪብቶዋ ጫፍ እየነካች ወረደች። ሰባት ስም። እንደገና ከላይ ጀመረች። "ስሙ የለም" አለች። የቀን ሠራተኛ መሆኑን፣ ለወኪሉ ነግሬው እንደነበር አስረዳኋት። ገጹን ገልብጣ ወደኔ አዞረችው። "በቀን ወይም በጊዜያዊነት የሚሠሩ ሠራተኞች አሉ?" ይላል ጥያቄው። "የሉም" የሚለው ላይ ምልክት ተደርጓል። በሰማያዊ ቀለም። ፎርሙ ሁሉ ሰማያዊ ነው፤ ከታች ፊርማዬ ብቻ ጥቁር።

"እዪው እስኪ፣ እኔ አይደለሁም የሞላሁት። ቀለሙ እንኳ ሁለት ነው" አልኳት።

"ፊርማው ግን ያንቺ ነው አይደል?" አለችኝ። ከኔ በሃያ ዓመት ታንሳለች።

ይህን ስንባባል ወኪሉ በኮሪደሩ መጣ። ማኪያቶ ይዟል። ስጠራው ቆመ። ስለ ሦስቱ ልጆች የነገርኩትን ለልጅቷ እንዲመሰክርልኝ ለመንኩት። አየኝ፣ ቀጥሎ እሷን አየ። "እኔ ደንበኛዋ የሰጠችኝን መረጃ ነው የሞላሁት" አለ። ዓመቱን ሙሉ "እርስዎ" ሲለኝ የነበረ ሰው "የሰጠችኝን" አለ። ማኪያቶውን ይዞ አለፈ። ልጅቷም ፋይሉን ዘግታ "ሌላ ጉዳይ አለሽ?" አለችኝ።

ወጥቼ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ፖሊሲውን፣ የኢንሹራንስ ውሉን ማለቴ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። ስምንት ወር መሳቢያ ውስጥ ነበር። አንድም ቀን አልከፈትኩትም። 8 ሺህ ብር የምከፍለው በያጅ 3 ሺህ ተብሎ ተጽፏል። ክፍያው የሚሰላው ከሠራተኞቹ ዓመታዊ ደመወዝ ስለሆነ፣ ርካሽ አድርጎ ሊሸጥልኝ ነው ደመወዙን ዝቅ ያደረገው። ከሰባቱ አንዱ ቢጎዳ ኖሮም የሚታሰብልኝ በ3 ሺህ ነበር። ለአንድ ኩንታል ሲሚንቶ ሦስት ሱቅ ዋጋ የምጠይቅ ሴት፣ የአሥር ሰው አካል የሚያርፍበትን ወረቀት ሳላነብ ፈረምኩ። ይህን ለራሴ ይቅር ማለት አልቻልኩም።

አሁን ሕክምናው በኔ ነው። ደመወዙም በሕጉ እስከ አንድ ዓመት ድረስ አለብኝ፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉውን፣ ቀጣዮቹን ሦስት ከ75 በመቶ ሳያንስ፣ የቀሩትን ስድስት ከ50 በመቶ ሳያንስ። የጣቶቹ የጉዳት ካሣ ገና አልተነሳም። እከፍላለሁ፤ ልጁ ምን አደረገ? ግን ለዚህ ቀን ብዬ ነበር ያንን 14 ሺህ ብር የሰጠሁት።

ፎርሙን ራሳችሁ ሙሉ፣ በራሳችሁ እስክሪብቶ። የቀን ሠራተኞቹን በስም አስጽፉ፣ ትክክለኛ ደመወዛቸውን አስገቡ፣ የተሞላውን ኮፒ ሳትይዙ ገንዘብ አትክፈሉ። አዲስ ሰው በቀጠራችሁ ቁጥርም በደብዳቤ አሳውቁና ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ያዙ።

የልጁ እናት ነገ ጠዋት ከዘጌ በጀልባ ትመጣለች። ባለፈው ስትመጣ ሎሚ ይዛልኝ ነበር። "ኢንሹራንስ አስገብተሽልኛል አሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። ወደቡ ላይ የምቀበላት እኔ ነኝ። ምን ብዬ እንደምነግራት እስካሁን አላገኘሁም።