ክትባት ወይስ ሲታመሙ መርፌ?

ሱሉልታ ያለው ጎረቤቴ ስድስት ፍየሎች አሉት። «ሲታመሙ መርፌ አስወጋለሁ» ይላል። እኔ ቀድሞ ማስከተብ ይሻላል ባይ ነኝ። ደስታ መሰል የሚባለው የፍየልና የበግ በሽታ የሚመጣው በቫይረስ ነው። መርፌው፣ ማለትም አንቲባዮቲኩ፣ ተደርቦ የመጣውን የሳንባ ምች እንጂ ቫይረሱን አይነካም። አፍንጫዋ በንፍጥ ተደፍኖ፣ አፏ ቆስሎ የምትቀዝን ፍየል ያየ ያውቀዋል። ክትባቱ ግን አንዴ ከተወጋ ቢያንስ ለ3 ዓመት ይከላከላል።

የዚሁ ቫይረስ ዘመድ ዶልፊንና ዓሣ ነባሪም ይፈጃል። ሳንባና አንጎላቸውን ያጠቃል። ከ2013 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አትላንቲክ ዳርቻ ከ1,600 በላይ ዶልፊኖች ባሕሩ ተፍቷቸዋል። እነሱን ባሕር ገብቶ ማን ይከትባል? ፍየል እኮ ደጅ ታስራ ነው ያለችው!

ቅዳሜ ጎረቤቴ አንዷ ፍየሉ ስታስነጥስ ሰማና «ክትባቱ መቼ ነው?» አለኝ።