ድራይቨር መጫን የማያስፈልጋት ትንሽ ሳውንድ ካርድ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በማብቃቱ የቤቴን ዴስክቶፕ ወደ ዊንዶውስ 11 ባሻገርሁበት ሰሞን፣ ከማዘርቦርዱ (ከኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ጋር አብሮ የተሠራው ሳውንድ ካርድ፣ ማለትም ድምፅ የሚያስገባውና የሚያስወጣው ክፍል፣ የፊት ለፊቱን የማይክ ቀዳዳ ከናካቴው አላውቅም አለ። ከኋላ ተሰክታ የምትኖረው፣ ከአውራ ጣት እምብዛም የማትበልጠው የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ግን ኮምፒውተሩ እንደተነሣ፣ ምንም ሳልጭንላት፣ ምንም ሳልነካካት ሥራዋን ቀጠለች። ከገዛኋት ወራት ካለፉ በኋላ ስለ እርሷ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነው። ድምፅዋ ጥሩ እንደሆነ አስቀድሜ አውቅ ነበር፤ ይህን ያህል ራሷን የቻለች መሆኗን ግን አልጠበቅሁም።

የገዛኋት ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካሉት የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫዎች ከአንዱ ነው። ያስፈለገችኝ ለመቅጃ ነበር። ጎረቤታችን የሆኑት ሼህ መንዙማ ሲያወርዱ፣ ወንድሜም ክራሩን በባቲና በአምባሰል ቅኝት ሲመታ እቀዳለሁ፤ ቅኝቶቹ ስማቸው የዚሁ የወሎ ምድር ስም ስለሆነ፣ እዚሁ በሚኖሩ ሰዎች እጅና ጉሮሮ በጥራት ተቀድተው እንዲቀመጡ አጥብቄ እፈልጋለሁ። በማዘርቦርዱ ሳውንድ ካርድ የቀዳሁት ሁሉ ግን ከሥሩ ቀጭን ሲሲታ ነበረበት፤ ማውሱን ባንቀሳቀስሁ ቁጥርም ሲሲታው ይለዋወጥ ነበር። ይህ ዓይነቱ ድምፅ ከማይኩ ሳይሆን ከኮምፒውተሩ ሳጥን ውስጥ እንደሚመጣ ምልክት ነው፤ የማይኩ ደካማ ሞገድ ወደ ዲጂታል የሚለወጠው ከፕሮሰሰሩና ከግራፊክስ ካርዱ አጠገብ በመሆኑ የእነርሱን ሁከት አብሮ ይሸከማል። በዩኤስቢዋ ካርድ ለውጡ የሚካሄደው ከሳጥኑ ውጭ ስለሆነ ሲሲታው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠፋ። የምትሰሙት ወፍራምና የማይለዋወጥ እምምታ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እርሱ የ50 ኸርዙ መብራታችን ድምፅ ስለሆነ፣ ኮምፒውተሩንና አምፕሊፋየሩን በአንድ ኤክስቴንሽን ላይ መሰካት ብዙ ጊዜ ይቀንሰዋል፤ ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ዕቃውን የሚያዝበትን ፕሮግራም፣ መቀያየር ግን አይፈታውም።

ድራይቨርን በተመለከተ የዚህች ካርድ ብርታት የሚመነጨው በ1998 እ.ኤ.አ. ከወጣው የዩኤስቢ ኦዲዮ ደረጃ ነው። ደረጃውን ጠብቆ የተሠራ ዕቃ፣ አምራቹ ማንም ይሁን ማን፣ ዊንዶውስም ሊኑክስም ማክም በውስጣቸው ይዘውት በሚመጡት የጋራ ድራይቨር ይሠራል። የማዘርቦርድ ሳውንድ ካርዶችም ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጋራ ደረጃ አላቸው፤ ሆኖም የፊት ለፊቱ ቀዳዳ መሰካቱን ማወቅን፣ የማይክ ድምፅ ማጉላትንና የመሳሰሉትን በአግባቡ የሚያስኬደው ብዙውን ጊዜ አምራቹ ለዚያ ማዘርቦርድ ያዘጋጀው ድራይቨር ነው። አምራቹ ለአሮጌ ማዘርቦርድ አዲስ ድራይቨር ማውጣቱን ሲተው ባለቤቱ መሐል ሜዳ ላይ ይቀራል። በእኔም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። የኮምፒውተሩን ዕቃዎች የሚዘረዝረውን ዲቫይስ ማኔጀርን ስከፍት ችግር መኖሩን የሚያሳየው ቢጫ ምልክት አልነበረም፤ ስሙ ብቻ ወደ «ሃይ ዴፊኒሽን ኦዲዮ ዲቫይስ» ተለውጧል፤ ይህም የአምራቹ ድራይቨር ወጥቶ የጋራው እንደገባ ይናገራል።

የጥገና ባለሙያ ባማክር ማዘርቦርዱ ስለተቃጠለ ይቀየር ተባልሁ። እንዲህ ያለ ፍርድ ከመቀበል በፊት የሚደረግ ቀላል ፍተሻ አለና እርሱን አደረግሁ፦ ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ሲስተም በፍላሽ ላይ አዘጋጅቼ፣ ሃርድ ዲስኩን ሳልነካ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ አስነሣሁት። የፊት ለፊቱ ማይክ በግልጽ ተሰማ። በአንዱ ሲስተም የሚሠራ ቀዳዳ በሌላው ዝም ካለ ቀዳዳው ጤነኛ ነው፤ ችግሩ የድራይቨር ነው። አንድ ሰው ይህን ሳይፈትሽ ለማዘርቦርድ ገንዘብ እንዲያወጣ መደረጉ ያሳዝነኛል።

ወደ ካርዷ ልመለስና፣ ሻጮች ስለ እርሷ የሚሉትን ሁሉ እንዳትቀበሉ እለምናለሁ። ካርቶኑ ላይ 7.1 የሚል በትልቁ ተጽፏል። ወንድሜ ሻጭ ሆይ፣ ካርዷ ያላት የስፒከር ቀዳዳ አንድ ብቻ ነው፤ በእርሱም የሚወጣው የግራና የቀኝ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ስምንት ስፒከር ሊሰካባት አይችልም። ከካርቶኑ ውስጥ የምትወጣውንም ትንሽ ሲዲ «ይህ ካልተጫነ አይሠራም» ብለህ አትስጥ፤ የዛሬ ኮምፒውተር አብዛኛው ሲዲ ማንበቢያ እንኳ የለውም፤ ካርዷም ሲዲውን አትፈልገውም። ያላትን እውነተኛ ጥቅም ብትናገር ይሻልህ ነበር፤ እኔም በዚያው ቃል እገዛት ነበር።

ጉድለት የላትም አልልም። የማይክ መግቢያዋ ሞኖ ነው፤ ግራና ቀኝ ሳይለይ አንድ ድምፅ ብቻ ይቀበላል። ከአንዱ የዩኤስቢ ቀዳዳ ነቅለው ሌላው ላይ ሲሰኳት ዊንዶውስ እንደ አዲስ ዕቃ ሊቆጥራት ይችላል፤ ያን ጊዜ መቅጃው ፕሮግራም የሚያውቃትን ስም ያጣና ዝም ይላል፤ ስለዚህ ቋሚ ቦታ ሰጥቻታለሁ። ካርዷ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆይታ የተቀዳውን ለመስማት ስከፍት ደግሞ የሼሁ «ቢስሚላህ» «ስሚላህ» ተብሎ ይጀምር ነበር። ቅጂው ላይ የድምፁን መሥመር አጉልቼ ሳየው «ቢ» በቦታዋ አለች፤ የተዋጠችው ቅጂውን ለማሰማት ካርዷ ከእንቅልፍ ስትነቃ ነው። በዊንዶውስ የኃይል አማራጮች ውስጥ ሥራ የፈታ ዩኤስቢን የሚያስተኛውን ምርጫ ሳጠፋው ተስተካከለ።

ከሁሉም በላይ ያስቸገረኝ ከመንዙማው ጋር የሚመታው ድቤ ነበር። ድቤው በተመታ ቁጥር የሼሁ ድምፅ ወደ ኋላ ይሸሽና ቀስ ብሎ ይመለሳል። ምክንያቱ ካርዷ ድምፅን በራሷ ከፍና ዝቅ የምታደርግበት፣ ኤጂሲ የሚባለው አሠራር ነው። በአሮጌው የሳውንድ መስኮት፣ በሪኮርዲንግ ሥር ማይኩን መርጬ፣ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ከስተም በሚለው ገጽ ላይ ያለችውን የኤጂሲ ምልክት አነሣሁ፤ የማይኩንም መጠን ድቤው ጫፍ እንዳይመታ ዝቅ አደረግሁት። ከዚያ ወዲህ ድምፁና ድቤው እየተገፋፉ አያውቁም። ይህችን ምልክት ሳያዩ ካርዷን «ረባሽ ናት» ብለው የመለሱ ሰዎች አሉ፤ ሻጩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊነግራቸው ይችል ነበር።

በመግዛቴ ደስ ብሎኛል፤ ሌላ አንድ ጨምሬም በመጠባበቂያነት አስቀምጫለሁ። ክራሩን በሁለት ማይክ ለመቅዳት አንዳንድ ማይክ ለመሥራት የሚፈልገውን 48 ቮልት የሚሰጥ ትልቅ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ከፍ ያለ የውጭ ሳውንድ ካርድ) መግዛቴ ግን አይቀርም። ዊንዶውስ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁለተኛውን የዩኤስቢ ኦዲዮ ደረጃም በውስጡ ስለያዘ ለትልልቆቹም ዕቃዎች «ድራይቨር ካልተጫነ አይሠራም» የሚል ምክንያት አልቀበልም። ሻጩ ስለ 24 ቢትና ስለ 192 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም ስለ ድምፅ ጥራት ቁጥሮች፣ ከመጀመሩ በፊት፣ ዕቃውን እዚያው ሱቁ ላፕቶፕ ላይ ሰክቶ፣ ምንም ሳይጭን ድምፅ እንዲያሰማኝ እጠይቀዋለሁ።